ሰርቨሩን በጠራራ ፀሐይ ማጥፋት፦ የሚሠራ የኩበርኔቲስ ክላስተር አያያዝ

ሦስት ሰርቨር አለ እንበል። በላያቸው የክፍያ አፕ፣ የአድሚን ገጽ፣ ሁለት ሦስት ከጀርባ የሚሮጡ ሥራዎች አሉ። ከሦስቱ ለአንዱ የከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ማሻሻያ መጥቶለታል፤ ማሻሻያው የደኅንነት ቀዳዳ ይደፍናል፣ ግን ማሽኑ ሪስታርት ካልተደረገ ሥራ ላይ አይውልም። ማንም መንካት አይፈልግም። «እየሠራ ነው እኮ፣ ለምን ይነካል?» ይባላል። ሳምንት ያልፋል፣ ወር ያልፋል፣ ሳይነካ ዓመት ይሞላዋል። ከዚያ አንድ ሌሊት በራሱ ጊዜ ይወድቃል፣ ያኔ ደግሞ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ያየ ሰው የለም።

ክላውድ ላይ ሰርቨር የምታስተዳድሩ ሰዎች አንድ ነገር እንድትለምዱ እፈልጋለሁ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ሰው ቢሮ እያለ፣ ደንበኛም እየተጠቀመ፣ አንዱን ሰርቨር በገዛ እጃችሁ ከሥራ አውጥታችሁ መልሱት። ይህን ከቻላችሁ አብዛኛው ነገር ይቀላል። ካልቻላችሁም ለምን እንዳልቻላችሁ የምታውቁት በቀን ነው፣ ሰው ሁሉ አጠገባችሁ እያለ።

ምሳሌዬ ኩበርኔቲስ ነው፤ ብዙ ሰርቨሮችን እንደ አንድ አስተሳስሮ (ይህ ስብስብ ክላስተር ይባላል) አፖችን የሚያስነሳና የሚጠብቅ። ጉግል ቦርግ ከሚባለው የውስጥ ሲስተሙ የተማረውን ይዞ በ2014 ይፋ ያደረገው፣ በ2015 ደግሞ 1.0 ብሎ የለቀቀው መሣሪያ ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር። አማዞንም፣ ጉግልም፣ ማይክሮሶፍትም አዘጋጅተው ያከራዩታል፤ በራስ ማሽን ላይም ይተከላል። አንድ ነገር ግን በቅድሚያ ልበል። ያላችሁ አንድ ዌብሳይትና አንድ ዳታቤዝ ከሆነ ይህን ሁሉ አትሸከሙ። አንድ ደህና ሰርቨር፣ ዶከር ኮምፖዝ (አፖችን አንድ ማሽን ላይ አብሮ የሚያስነሳ መሣሪያ) እና በየቀኑ የሚወሰድ ባክአፕ ይበቃችኋል። ኩበርኔቲስ ራሱ የሚጠበቅ፣ የሚታደስ፣ ሰው የሚፈልግ ነገር ነው።

ትዕዛዞቹን እዚህ የምጽፋቸው እንደምንጠራቸው ነው። ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል እንደምትጽፏቸው ታውቃላችሁ።

ተራ አስከባሪው የሚቆጥረው ወንበር ነው

ኩበርኔቲስን ለጀማሪ ሳስረዳ ሁሌ የምጠቀመው የታክሲ ተራን ነው። ኖድ የምንለው ሰርቨሩ ታክሲው ነው። ፖድ የምንለው፣ አፑ የሚሮጥበት ትንሹ ክፍል፣ ተሳፋሪው ነው። ስኬጁለር የሚባለው ደግሞ ተራ አስከባሪው ነው፤ የቱ ተሳፋሪ የቱ ታክሲ ላይ እንደሚገባ እሱ ይወስናል። የሚወስነው ግን የተሳፋሪውን ውፍረት አይቶ አይደለም። ተሳፋሪው «ይህን ያህል ወንበር ስጠኝ» ያለውን ሰምቶ ነው። ይህ ሪኩዌስት ይባላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፖዱ 256 ሜጋባይት ሜሞሪ እፈልጋለሁ ብሎ በተግባር 900 ሜጋባይት ቢበላ፣ ተራ አስከባሪው 256 ብሎ ቆጥሮ ሌላ መጫኑን ይቀጥላል። ታክሲው በወረቀት ግማሽ ባዶ ነው፣ በእውኑ ግን ሰው በሰው ላይ ነው። ሪኩዌስት ጭራሽ ካልተጻፈ ደግሞ ተሳፋሪው ምንም ቦታ የማይዝ ተደርጎ ይታያል። ስለዚህ ከምንም በፊት አፖቻችሁ በሥራ ሰዓት የሚበሉትን ሜሞሪና ሲፒዩ ለጥቂት ቀናት ተመልክታችሁ ሪኩዌስቱን ወደ እውነቱ አቅርቡት። ሊሚት ሌላ ነገር ነው፣ ጣሪያ ነው። ሲፒዩ ላይ ጣሪያውን የነካ ፖድ ይዘገያል እንጂ አይሞትም። ሜሞሪ ላይ ጣሪያውን ያለፈ ግን ይገደላል።

ሌላው ማወቅ ያለባችሁ ጸባዩ ነው። ኩበርኔቲስን «ይህን አድርግ፣ ከዚያ ያንን አድርግ» አንለውም። «ይህ አፕ ሁልጊዜ ሦስት ሆኖ ልየው» ነው የምንለው። አንዱ ሲሞት ማንም ሳያዘው ሌላ ይተካል። ሰርቨር በቀን እንድናወጣ የሚያስችለን ይህ ጸባዩ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሩ

ኩብሲቲኤል ክላስተሩን ከተርሚናል የምናዝበት መሣሪያ ነው። «ኩብሲቲኤል ጌት ኖድስ» በሉ። ሁሉም ሰርቨር ሬዲ ማለት አለበት። አንዱ ኖት ሬዲ እያለ ሌላውን ለማውጣት አትነሱ። ቀጥሎ «ኩብሲቲኤል ቶፕ ኖድስ» ትላላችሁ፤ ይህ የሚሠራው ሜትሪክስ ሰርቨር የሚባለው ከተጫነ ነው፣ ካልተጫነ ዛሬውኑ ጫኑት። በመጨረሻ «ኩብሲቲኤል ዲስክራይብ ኖድ» ብላችሁ የሰርቨሩን ስም ጨምሩ፤ ወደ ታች ስትወርዱ አሎኬትድ ሪሶርስስ የሚል ክፍል አለ። ተራ አስከባሪው በወረቀት የቆጠረው እሱ ነው። ሁለቱን አነጻጽሩ፦ በወረቀት የተያዘውንና በእውን የሚበላውን። በጣም የሚራራቁ ከሆነ ሪኩዌስቶቻችሁ ትክክል አይደሉም።

አንድ ሥራ ቦታ ይህን ሳላሰላ ሰርቨር አውጥቼ አውቃለሁ። ማሽኖቹ ሦስት ነበሩ፣ እያንዳንዳቸው 16 ጊጋባይት። በፖዶቹ የተያዘው ሜሞሪ በድምሩ 37 ጊጋ ገደማ ነበር። አንዱ ሲወጣ የቀሩት ሁለቱ 32 ናቸው፣ ያውም ለሲስተሙ የሚቀመጠው ድርሻ ሳይቀነስ። ከወጡት ፖዶች የተወሰኑት ቦታ አጥተው ፔንዲንግ ላይ ቆሙ፤ ከቆሙት አንዱ ክፍያ የሚያስተናግደው ነበር። ሰርቨሩ ተነስቶ እስኪመለስ ድረስ ደንበኛ መክፈል አልቻለም። ስህተቱ የኔ ነበር። ሒሳቡ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ጽፌ ሳላየው ሰርቨር አልነካም።

ሒሳቡ ይህ ነው፦ ትልቁ ሰርቨር ቢወጣ የቀሩት ሁሉንም ፖድ ይችላሉ ወይ? ካልቻሉ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ለጥቂት ሰዓት ተጨማሪ ሰርቨር ተከራይቶ ክላስተሩ ውስጥ ማስገባት፣ ሥራው ሲያልቅ መልቀቅ ነው። በተለይ አገር ቤት ሆናችሁ የክላውድ ሒሳብ በዶላር የምትከፍሉ ከሆነ፣ ወሩን ሙሉ አራት ማሽን ከመያዝ ለጥገና ቀን ብቻ አራተኛ ማስገባት ብዙ ያተርፋል። እርግጥ በዚህ መንገድ ከሄዳችሁ አንዱ ማሽን ድንገት ከወደቀ ቦታ እንደማይበቃ አውቃችሁ ነው። ሁለተኛው መንገድ ሥራ ሲቀዘቅዝ የማያስፈልጉ ፖዶችን ቁጥር መቀነስ ነው።

ፖዱ ለመውረድ ተዘጋጅቷል?

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ክፍል ይህ ነው። ሰርቨር ማውጣት የሁለት ትዕዛዝ ጉዳይ ነው። ደንበኛው እንዳይሰማው የሚያደርገው ግን አፑ ራሱ አስቀድሞ መዘጋጀቱ ነው።

መጀመሪያ ቁጥር። ደንበኛ የሚነካው ማንኛውም አፕ ቢያንስ ሁለት ቅጂ ይኑረው። ሁለቱም ግን አንድ ሰርቨር ላይ ከተጫኑ ሁለት መሆናቸው ምንም አይጠቅምም። «ኩብሲቲኤል ጌት ፖድስ» ብላችሁ ዳሽ ኦ ዋይድ ጨምሩበት፣ የቱ ፖድ የቱ ሰርቨር ላይ እንዳለ ያሳያችኋል። አንድ ላይ ተጠራቅመው ካገኛችኋቸው ቶፖሎጂ ስፕሬድ የሚባለውን ደንብ ጻፉላቸው።

ቀጥሎ ፕሮብ፣ ኩበርኔቲስ አፑን በየጊዜው የሚጠይቀው ጥያቄ። ሁለቱ ዋናዎቹ ሬዲነስና ላይቭነስ ናቸው፣ ሰው ግን አንድ አድራሻ ሰጥቷቸው ያልፋል። አይደለም። ሬዲነስ የሚጠይቀው «አሁን ደንበኛ ልላክልህ?» ብሎ ነው፤ መልሱ አይ ከሆነ ትራፊክ ይቀርበታል፣ ሌላ ምንም አይደርስበትም። ላይቭነስ የሚጠይቀው «በሕይወት አለህ?» ብሎ ነው፤ መልስ ከጠፋ ኮንቴይነሩን (ፖዱ ውስጥ የሚሮጠውን አፕ) ገድሎ ያስነሳዋል። አሁን ላይቭነሱ ውስጥ «ዳታቤዙ ይመልሳል ወይ» የሚል ፍተሻ አስገባችሁ እንበል። ዳታቤዙ ለአንድ ደቂቃ ዘገየ። ያልተቀየረው ልክ፣ ማለትም እናንተ ሌላ ካልጻፋችሁ የሚሠራው፣ በየ10 ሰከንዱ መጠየቅ፣ በ1 ሰከንድ ካልመለሰ እንደወደቀ መቁጠር፣ ሦስቴ ሲወድቅ መግደል ነው። ስለዚህ በግማሽ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ሁሉም ፖዶች አንድ ላይ ይገደላሉ፣ አንድ ላይ ይነሳሉ፣ ሁሉም አዲስ ኮኔክሽን ይዘው የዘገየው ዳታቤዝ ላይ ይረባረባሉ። ዳታቤዙ በራሱ ሊያገግም የነበረው ነገር ወደ ሙሉ መቋረጥ ይቀየራል። ላይቭነስ ውስጥ ዳታቤዝ፣ የሌላ አገልግሎት ጥሪ፣ የውጭ አድራሻ አታስገቡ። የራሱን መተንፈስ ብቻ ይጠይቅ።

ከዚያ አሟሟት። ኩበርኔቲስ አንድን ፖድ ሲያወርድ መጀመሪያ ሲግተርም የሚባል ምልክት ይልካል፣ «ሥራህን ጨርሰህ ውጣ» ማለት ነው። 30 ሰከንድ ይጠብቃል። ካልወጣ ሲግኪል ይልካል፣ እሱ ምሕረት የለውም። አፑ ሲግተርም ሲደርሰው አዲስ ሥራ መቀበል አቁሞ የጀመረውን ጨርሶ መውጣት አለበት። ብዙ ጊዜ ግን ምልክቱ አፑ ጋ አይደርስም። ምክንያቱ ዶከርፋይሉ (የአፑ ማሸጊያ መመሪያ የተጻፈበት ፋይል) ላይ አፑ በሼል፣ ማለትም በትዕዛዝ ተቀባዩ ፕሮግራም፣ በኩል መነሳቱ ነው፤ ምልክቱ የሚደርሰው ሼሉ ጋ ነው፣ ሼሉ ደግሞ ለልጁ አያስተላልፍም። ይህን ማወቂያው ቀላል ነው፦ ፖድ ስትሰርዙ ልክ 30 ሰከንድ ቆይቶ የሚጠፋ ከሆነ፣ እየተገደለ ነው እንጂ እየወጣ አይደለም። ዶከርፋይሉን አስተካክሉ።

አንድ ረቂቅ ነገር አለ። ሲግተርም መላኩና ፖዱ ከትራፊክ ዝርዝር መውጣቱ የሚጀምሩት እኩል ነው፣ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። ስለዚህ አፑ ወዲያው ከወጣ ለጥቂት ሰከንዶች ደንበኛ ወደ ባዶ ቤት ይላካል። መፍትሔው ፕሪስቶፕ የሚባለው ቦታ ላይ 5 ወይም 10 ሰከንድ እንቅልፍ መጻፍ ነው። እንቅልፉ ከ30ው ሰከንድ ላይ እንደሚቀነስ አትርሱ፤ አፑ ለመጨረስ ረጅም ጊዜ የሚፈልግ ከሆነ 30ውን ከፍ አድርጉት።

የመጨረሻው ፖድ ዲስራፕሽን በጀት ነው። ትርጉሙ «በጥገና ምክንያት ከዚህ በላይ እንዳታወርድብኝ» ነው። እኔ የምመርጠው በአንዴ የሚወርደው ከአንድ አይብለጥ የሚለውን አጻጻፍ ነው፣ ምክንያቱም የፖዱ ቁጥር ሲጨምርና ሲቀንስ አብሮ ይሄዳል። አንድ ቅጂ ብቻ ላለው አፕ «ቢያንስ አንድ ይኑር» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ሰርቨሩን ማውጣት አትችሉም፤ ትዕዛዙ ሲጠብቅ ይውላል።

«ወራጅ አለ»

አሁን ማውጣት። «ኩብሲቲኤል ኮርደን» ብላችሁ የሰርቨሩን ስም ስጡ። ታክሲው መጫን አቆመ ማለት ነው፤ የተሳፈሩት ግን እንደተቀመጡ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ አምስት ደቂቃ ቁሙ፣ ምንም የተቀየረ ነገር እንደሌለ እዩ።

ከዚያ «ኩብሲቲኤል ድሬን»፣ የሰርቨሩ ስም፣ ቀጥሎ «ዳሽ ዳሽ ኢግኖር ዴሞንሴትስ»። ዴሞንሴት የሚባሉት በየሰርቨሩ አንድ አንድ የሚቀመጡ፣ ለምሳሌ ሎግ ሰብሳቢና የኔትወርክ ፖዶች ናቸው፤ ከታክሲው ጋር የሚኖሩ እንደ ረዳቱ ያሉ ናቸውና አይወርዱም። ድሬን ሌሎቹን በጀታቸውን እያከበረ ያወርዳቸዋል። በሌላ ተርሚናል ፖዶቹን እያያችሁ ተከታተሉ፣ አዲሶቹ ሌላ ሰርቨር ላይ ተነስተው ሬዲ ሲሉ ማየት አለባችሁ።

ድሬን ሲቆም ሰው ይደናገጥና ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ፎርስ የሚለውን ቃል ይጨምራል። እባካችሁ አታድርጉ። ድሬን የሚቆመው ምክንያት ስላለው ነው፣ ምክንያቱንም ይጽፍላችኋል። በጀት ስለማይፈቅድ ከሆነ በየ5 ሰከንዱ ደግሞ እንደሚሞክር ይነግራችኋል፤ ሌላኛው ቅጂ ለምን ሬዲ እንዳልሆነ ሂዱና እዩ። ባለቤት የሌለው ፖድ አገኘሁ ካለ፣ አንድ ሰው በእጁ ያስነሳው ነው፤ ፎርስ ካላችሁት ይሰረዛል፣ የሚተካውም የለም። ኤምፕቲዲር የሚባል ጊዜያዊ ማስቀመጫ ያለው ፖድ አለ ካለ ደግሞ ውስጡ ያለው ፋይል አብሮ ይጠፋል። መሸጎጫ ከሆነ ይጥፋ፣ ፈቃዱን ስጡት። ግን መጀመሪያ ከአፑ ባለቤት ጠይቁ። የደንበኛ ሰነድ እዚያ የተቀመጠበት አጋጣሚ አይቻለሁ።

ሁሉም ሲወርድ ሰርቨሩን አሻሽሉ፣ ሪስታርት አድርጉ፣ ሬዲ እስኪል ጠብቁ። ከዚያ «ኩብሲቲኤል አንኮርደን»። ይህቺን የመጨረሻ ትዕዛዝ መርሳት የተለመደ ነው፤ ሰርቨሩ ባዶውን ይቀመጣል፣ ኪራዩ ይቆጥራል፣ የቀሩት ሁለቱ ይጨነቃሉ። ስትመልሱትም የሄዱት ፖዶች በራሳቸው አይመለሱም። ተራ አስከባሪው የሚያየው አዲስ ተሳፋሪን ብቻ ነው። ሚዛኑን ለማስተካከል ጥቂት አፖችን «ኩብሲቲኤል ሮልአውት ሪስታርት» በሏቸው፣ አንድ በአንድ። ወደ ሁለተኛው ሰርቨር ከመሄዳችሁ በፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁና ግራፉን ተመልከቱ።

ሳይጠየቅ ሲወድቅ

በእቅድ ማውጣትና በድንገት መውደቅ አንድ አይደሉም። ሰርቨሩ መብራት እንደጠፋበት ድርግም ቢል፣ ክላስተሩ አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ኖት ሬዲ ይለዋል። ፖዶቹን ግን ወዲያው አይተካም። ያልተቀየረው ልክ 5 ደቂቃ መጠበቅ ነው፣ ምናልባት ኔትወርክ ብቻ ተቋርጦ ይሆናል በሚል። ስለዚህ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው አፕ ቢያንስ እነዚያን 5 ደቂቃዎች የለም ማለት ነው። ይህ ጊዜ ሊቀነስ ይችላል፣ እኔ ግን ቅጂውን ሁለት ማድረግን እመርጣለሁ።

ስቴትፉልሴት (ፖዱን ከቋሚ ስሙና ዲስኩ ጋር የሚያቆይ አሠራር) ላይ ያለ ዳታቤዝ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። 5 ደቂቃ ካለፈም በኋላ አይተካም፤ ተርሚኔቲንግ እያለ ይቀመጣል። ምክንያቱ ደህና ነው፦ የወደቀው ሰርቨር በእርግጥ መሞቱ አልተረጋገጠም፣ ሁለት ዳታቤዝ በአንድ ስም ተነስተው አንድ ዲስክ ላይ ቢጽፉ ዳታው ይበላሻል። ስለዚህ መጀመሪያ በክላውዱ ገጽ ገብታችሁ ማሽኑ በእርግጥ መጥፋቱን አረጋግጡ፣ ከዚያ ኖዱን ከክላስተሩ ሰርዙት። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። ትንሽ ቡድን ከሆናችሁ ግን ምክሬ ዳታቤዙን ከክላስተሩ ውጪ እንድታደርጉት ነው።

አዲስ ቨርዥን መልቀቅና ሲበላሽ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ዲፕሎይመንት (የአፑን ቅጂዎች ቁጥርና ቨርዥን የሚጠብቀው ክፍል) አዲስ ኢሜጅ፣ ማለትም የታሸገ አፕ፣ ሲሰጠው አሮጌዎቹን ቀስ በቀስ ይተካል፤ ያልተቀየረው ልክ እስከ 25 በመቶ ተጨማሪ ማስነሳት፣ እስከ 25 በመቶ ማጉደል ነው። «ኩብሲቲኤል ሮልአውት ስታተስ» ብላችሁ ተከታተሉ። አዲሱ ሬዲ ካላለ አሮጌው ሙሉ በሙሉ አይወርድም፣ ለዚህም ነው ሬዲነስ ትክክለኛ መሆን ያለበት። ነገሩ ካላማረ «ኩብሲቲኤል ሮልአውት አንዱ» («ቀልብስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው) ወደ ነበረበት ይመልሳል፤ 10 የቀድሞ ቨርዥኖች ይቀመጣሉ። የኢሜጁን ስም ሁሌ በቁጥር ጻፉ። ሌተስት የሚለውን ቃል ፕሮዳክሽን ላይ አትጠቀሙ፣ ስትመልሱ ወደ የቱ እንደተመለሳችሁ አታውቁም።

ክራሽሉፕባክኦፍ ካያችሁ አፑ እየተነሳ እየወደቀ ነው፤ በየማስነሳቱ መካከል ያለው ክፍተት 10 ሰከንድ፣ 20፣ 40 እያለ እስከ 5 ደቂቃ ይደርሳል። ሎጉን ስታዩ «ዳሽ ዳሽ ፕሪቪየስ» ጨምሩ፣ አለበለዚያ የምታዩት ገና የተነሳውን ነው እንጂ የሞተውን አይደለም። መውጫ ቁጥሩ 137 ከሆነ በሲግኪል ተገድሏል፤ አጠገቡ ኦኦኤምኪልድ የሚል ካለ ሜሞሪው ነው። ፔንዲንግ ካለ ቦታ የለም ወይም የጠየቀው ዲስክ አልተገኘም፣ ዲስክራይብ ያደረጋችሁ ጊዜ ከታች ይጽፍላችኋል። እነዚያ ከታች የሚጻፉት ኢቨንትስ ግን ባልተቀየረው ልክ የሚቆዩት አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ሌሊት የሆነውን ጠዋት አታገኙትም፣ ወደ ሎግ ማከማቻችሁ እንዲላኩ አድርጉ።

ሰዓቱ የማን ነው?

በየጊዜው የሚሮጡ ሥራዎች፣ ክሮንጆብ የምንላቸው፣ ብዙ ጊዜ የሚቆጥሩት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ነው። እኛ ከዩቲሲ 3 ሰዓት እንቀድማለን፣ በዚያ ላይ የራሳችን አቆጣጠር 6 ሰዓት ይለያል። ባክአፕ ሌሊት 8 ሰዓት እንዲወሰድ ፈለጋችሁ። በፈረንጅ ሰዓት 2፡00 ነው፣ በዩቲሲ ደግሞ 23፡00፣ ያውም የቀደመው ቀን። እሁድ ለሰኞ አጥቢያ በዚህ ሰዓት የሚሮጥ ሥራ በዩቲሲ ሲጻፍ ቀኑ እሁድ ነው፣ በአዲስ አበባ የፈረንጅ ሰዓት ሲጻፍ ሰኞ ነው። ይህን በቃል ለማስላት አትሞክሩ። ክሮንጆብ ላይ ታይምዞን የሚል ቦታ አለ፣ ከቨርዥን 1.27 ጀምሮ የጸና ነው፤ አፍሪካ ስላሽ አዲስ አንደርስኮር አበባ ብላችሁ ጻፉበት።

የቀን አቆጣጠሩ ግን በዚህ አይፈታም። ክሮን የሚያውቀው የፈረንጅ ወር ብቻ ነው። በየወሩ 30 የሚወጣ የደመወዝ ወይም የሒሳብ ሪፖርት ካላችሁ፣ ሥራው በየቀኑ ይሩጥና ኮዱ ራሱ በእኛ አቆጣጠር ቀኑን አስልቶ «ዛሬ ነው ወይ?» ብሎ ይወስን። ጳጉሜን ፈትኑት፣ 5 ቀን የሆነችበትንም 6 የሆነችበትንም። የጥገና ማስታወቂያ ስትልኩም ሁለቱንም ሰዓት ጻፉ። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ባልደረባ «6 ሰዓት» የሚለውን በራሱ መንገድ ያነበዋል።

ኢቲሲዲንና ሰርተፊኬትን አትርሱ

ክላውዱ የሚያስተዳድርላችሁ ኩበርኔቲስ ከሆነ ይህ ክፍል የእነሱ ኃላፊነት ነው። በራሳችሁ ማሽን ላይ በኩብአድም (የኩበርኔቲስ መትከያ መሣሪያ) ከተከላችሁት ግን ሁለት ነገር ካላንደር ላይ ጻፉ።

አንዱ ሰርተፊኬት ነው። ክላስተሩ በውስጡ የሚነጋገርባቸው ሰርተፊኬቶች ለአንድ ዓመት ነው የሚሠሩት። ክላስተሩን ስታሻሽሉ አብረው ይታደሳሉ፤ ሳይነካ ዓመት የሞላው ክላስተር ግን አንድ ቀን ትዕዛዝ መቀበል ያቆማል። «ኩብአድም ሰርትስ ቼክ ኤክስፓይሬሽን» የቀረውን ቀን ይነግራችኋል። ስታሻሽሉም ቨርዥን አትዝለሉ። ከ1.30 ወደ 1.31፣ ከዚያ ወደ 1.32 ነው የሚኬደው፣ መጀመሪያ ዋናው መቆጣጠሪያ ቀጥሎ ሰርቨሮቹ፣ ሰርቨሮቹንም በተማራችሁት መንገድ እያወጣችሁ። በዓመት ሦስት ቨርዥን ይወጣል፣ እያንዳንዱ ድጋፍ የሚያገኘው ለ14 ወር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ዓመት ሙሉ መተኛት የለም።

ሌላው ኢቲሲዲ ነው። ክላስተሩ የሚያውቀው ነገር ሁሉ የተጻፈበት ዳታቤዝ ነው። ሦስት ሆኖ ሲሠራ የአንዱን መውደቅ ይችላል፣ አምስት ሲሆን የሁለት፤ ሁለት ማድረግ ግን ከአንድ አይሻልም፣ ምክንያቱም አንዱ ሲወድቅ የቀረው ብቻውን ብልጫ ድምፅ ስለማይኖረው ይቆማል። በየቀኑ ስናፕሾት (የዳታው ሙሉ ግልባጭ) ውሰዱና ከክላስተሩ ውጪ፣ ሌላ ቦታ፣ ተመስጥሮ ይቀመጥ፤ የይለፍ ቃሎቻችሁ ጭምር እዚያ ውስጥ ናቸው፣ ሲክሬት የሚባለው የምስጢር ማስቀመጫም በልማዱ ቤዝ64 (ማንም መልሶ ሊያነበው የሚችል አጻጻፍ) ብቻ እንጂ የተመሰጠረ አይደለም። ከዚያ አንድ ከሰዓት መርጣችሁ፣ ባዶ ማሽን ተከራይታችሁ፣ ከዚያ ስናፕሾት ክላስተሩን መልሳችሁ አስነሱ። የፈጀባችሁን ደቂቃና የተደናቀፋችሁበትን ቦታ ጻፉ፣ ጽሑፉን ከስናፕሾቱ ጎን አስቀምጡት።